አብዬ ላይ የመኮንን ውሎ ምን ይመስላል?

(ደሴ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኗት ነው ያገኘኋት።

የውጊያ ታሪክ ልስማ ብሎ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይወቅልኝ፤ የለኝም ማለት ይቀላል። ጋባዦቼ የጠየቁኝ ሌላ ነው። «ለሰላም ማስከበር ውጭ የሄደ መኮንን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል?» ነው ያሉኝ። ይጽፋል፣ ይቆጥራል፣ ይጠብቃል፣ ሰው ያዳምጣል። ጠመንጃው አለ፤ ብዙውን ቀን ግን ከመወልወል ሌላ ሥራ የለውም። እስክሪብቶው ነው እረፍት የሚያጣው። የቢሮ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። አንድ ፈቃድ በመዘግየቱ ሰው እንዴት እንደሚሞት ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ለታናናሾቹ የኢትዮጵያ ጦር ወደ ውጭ ስለሄደበት ታሪክ ጥቂት ልበል። ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ኮሪያ ገባ። በየተራው የዘመቱት ከ3,500 ይበልጣሉ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ከዚያ ኮንጎ መጣ፤ ከ1952 ጀምሮ። ኮሪያ የነበሩት ከበደ ገብሬ ኮንጎ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በሙሉ አዝዘዋል። ቀጥሎ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ ደቡብ ሱዳን። ኮሪያ የሄዱት አባቶች የሄዱት ለጦርነት ነው። የእኛ ሥራ ጦርነቱ እንዳይነሳ መሐል መቆም ነበር። ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ።

እኔ የምነግራችሁ ስለ አብዬ ነው፤ በሻምበል አዛዥነት የነበርኩት እዚያ ነው። አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለች፣ ሁለቱም «የኔ ናት» የሚሏት መሬት ናት። ስፋቷ ከ10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዋሪው በወዲህ ወይስ በወዲያ እንደሚሆን በጥር 2003 ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ነበረ። ድምፁ አልተሰጠም። በግንቦት የሱዳን ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ሕዝቡ ወደ ደቡብ ሸሸ። ሰኔ 20 ቀን 2003 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1990ን አሳልፎ ጦር እንዲሰፍር ፈቀደ። በመጀመሪያ የተፈቀደው 4,200 ወታደር ነበር፤ በ2005 ወደ 5,326 ከፍ አለ። ሁለቱም ወገን የተስማሙበት አገር ኢትዮጵያ ስለሆነች ጦሩ ከሞላ ጎደል የእኛው ነበር። በሰላም ማስከበር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገኝም። ለመኮንኑ ግን አንድ መዘዝ ነበረው። ስህተት ሲፈጠር «የእነ እከሌ ጦር ነው» ብሎ ማሳበቢያ የለም።

ሙቀቱን ልተወው። የኮምቦልቻ ልጆች ትንሽ ይሻላሉ፤ የደሴ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ነው። ከሙቀቱ የባሰው አፈሩ ነው። ሜዳው ሁሉ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት መኪና ይውጣል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብዙው መንገድ ይዘጋል። የቀረው ሄሊኮፕተር ነው፤ ሄሊኮፕተር ደግሞ ደመና ካየ አይነሳም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የመኮንኑ ፈተና ይጀምራል። ስንት በርሜል ነዳጅ ገባ? ስንት ቀን ያዘልቃል? ዱቄቱ የት ነው የሚቀመጠው? የውሃ ማጣሪያው መለዋወጫ አለው ወይ? ይህን ያልጨረሰ አዛዥ ሐምሌ ላይ ጀግንነቱ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ውሎው ልግባ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ሬዲዮው ግን 05:00 ነው የሚለው። እዚያ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ነው ያለን፤ ለሪፖርት የፈረንጁ፣ ለቤተሰብና ለጨዋታ የሀበሻው። አዲስ የመጣ ልጅ «12 ሰዓት ላይ እንወጣለን» ሲባል ምሳ በልቶ ብቅ ያለበት ጊዜ አለ። ሦስት ቀን እንስቅበታለን።

መጀመሪያ ከተረኛው መኮንን የሌሊቱን መዝገብ እረከባለሁ። ማን ተኮሰ፣ የት ተሰማ፣ የትኛው ዘብ ምን አየ። ቀጥሎ የውሃው ታንከር ይለካል። ጄኔሬተሩ ይታያል። የታመመ ካለ ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወባ ነው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ገና ጸሐይ አልወጣም።

ከዚያ ቅኝት የሚወጣው ቡድን ይሰለፋል። የትኛው መንገድ? ስንት መኪና? ሐኪሙ ማን ነው? አስተርጓሚው መጥቷል? ሬዲዮ ባይሠራ በየት ነው የምትመለሱት? መሄጃውን ማንም ያውቃል፤ መመለሻውን ግን እያንዳንዱ ሾፌር በቃሉ ካልነገረኝ በሩ አይከፈትም። ወታደሮቹ በዚህ ይሰለቹኛል። ይሰልቹ።

ቡድኑ ወጥቶ እስኪመለስ ያለው ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ረጅሙ ነው። በየተወሰነው ጊዜ በሬዲዮ ይጠራሉ፤ ካርታው ላይ ምልክት ይደረጋል። በዚህ መሐል የካምፑ ሥራ ይሠራል። የተቀደደ የአሸዋ ከረጢት ይቀየራል፤ የወጥ ቤቱ ቅሬታ ይሰማል፤ ሰነድ ይፈረማል።

ማታ ሪፖርት ይጻፋል። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ወጣት መኮንኖችን ያስለቀስኩት በዚህ ነው። ከቅኝት የተመለሰ መቶ አለቃ «አካባቢው ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም። ስንት ከብት አየህ? ወዴት ነው የሚነዱት? እረኞቹ መሣሪያ አላቸው? ሴቶችና ሕፃናት አብረው አሉ ወይስ ወንድ ብቻ ነው? ሴትና ሕፃን ያለበት መንጋ ግጦሽ ፍለጋ ነው። ወንድ ብቻ፣ ያውም በሞተር ሳይክል ከሆነ፣ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ «አየሁ» እና «ሰማሁ» አንድ ላይ አይጻፉም። ገበያ ላይ የተወራ ወሬ በሪፖርት ላይ «ታየ» ተብሎ ከገባ፣ ነገ ያ ወረቀት ዋናው መምሪያ ይደርሳል። ከነገ ወዲያ ኒው ዮርክ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ መንግሥት ሌላውን ይከስበታል።

ቃል የገባሁላችሁን ልንገራችሁ። በሐምሌ 2003 መጨረሻ፣ ጦሩ ገና በመግባት ላይ እያለ፣ ማቦክ በሚባል ቦታ ቅኝት ላይ የነበረ መኪና ፈንጂ ረገጠ። አራት ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ሦስቱ የሞቱት ወዲያው አይደለም። ወደ ሕክምና የሚወስዳቸው ሄሊኮፕተር የበረራ ፈቃድ በወቅቱ ሳያገኝ ቀርቶ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ አልነበርኩም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አብዬ የሚሄድ መኮንን ሁሉ ይህን ሰምቶ ነበር የሚሄደው። ቁስለኛን በ10 ደቂቃ ውስጥ ደም ማስቆም፣ በ1 ሰዓት ውስጥ የተሻለ ሕክምና ማግኘት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ላይ ማድረስ የሚል ደንብ አለ። የመጀመሪያው በወታደሩ እጅ ነው። የቀሩት ሁለቱ በወረቀት፣ በስልክና በፈቃድ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የሄሊኮፕተር ማረፊያ ሜዳው የካርታ ላይ ቁጥር በየቀኑ ለምን እንደሚረጋገጥ የሚጠይቀኝ ወታደር ከዚህ ወዲያ መልስ አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ካላነሳሁት ሻይ ላይ ትጠይቁኛላችሁ። ከግዳጅ የተመለሰ ሰው ደሴ ላይ ሲታይ «ዶላሩን ይዞ መጣ» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ወታደር በወር የሚከፍለው ከሰኔ 2010 መጨረሻ ጀምሮ 1,428 ዶላር ነበር። ይህ የሚገባው ለመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ በራሱ ስሌት ለወታደሩ ይከፍላል። ድርጅቱ በቀጥታ ለወታደሩ የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ በቀን 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በስድስት ወር ውስጥ እስከ 15 ቀን ለሚደርስ የእረፍት ጊዜ ደግሞ በቀን 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይታሰባል። ከአገር ቤት ደመወዝ ጋር ሲተያይ ግዳጁ ይጠቅማል፤ አልዋሽም። ቤት የሠራበት አለ፤ እህቱን ያስተማረበት አለ። ሰው የሚያወራው ያህል ግን አይደለም።

ደግሞ ገንዘቡ በቆጠራ ነው። ጦሩ ይዞ የሄደው መኪና፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ማጣሪያ ሁሉ ኪራይ ይታሰብለታል። በየሦስት ወሩ ተቆጣጣሪዎች መዝገብ ይዘው ይመጣሉ። ይህ መኪና ይነሳል? አስነሳው። የእሳት ማጥፊያው ጊዜው አልፏል? ፍራሹ ስንት ነው? የልብስ ማጠቢያው ይሠራል? ያልሠራው አይከፈልበትም። ጦር አካዳሚ ገብቼ ስንት ስልት ተምሬ፣ አንድ ቀን ሙሉ ብርድ ልብስ ስቆጥር ውያለሁ። ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ፣ ያ ቆጠራ ባይኖር ሐምሌ ላይ የሚነሳ መኪና አይኖረንም ነበር።

አሁን ወደ ከብቶቹ። የአብዬን ነገር ከብት ሳይጠቅሱ መናገር አይቻልም። ደቡብና መሐሉ ላይ ንጎክ ዲንካዎች ይኖራሉ። ከሰሜን ሚሴሪያ የሚባሉ ዐረብ አርብቶ አደሮች አሉ። ዝናቡ ሲያቆም ሚሴሪያዎች ከብታቸውን ይዘው ወደ ኪር ወንዝ ይወርዳሉ፤ ዝናቡ ሲቃረብ ይመለሳሉ። ሳርና ውሃ ባለበት ይገናኛሉ፤ አንድ ላም ስትጠፋ ጣጣው ይጀምራል። ስለዚህ የእኛ ዓመት የሚለካው በከብቱ ጉዞ ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት እንቅልፍ የለም። በሁለቱ መሐል እንገባለን፤ የተሰረቀ ከብት ዱካ እንከተላለን፤ ሲገኝ ቆጥረን እናስመልሳለን። አዎ፣ እንደገና ቆጠራ።

ከሁሉ የበለጠ የሠራው ግን ገበያው ነው። ከአብዬ ከተማ በስተሰሜን አሚየት የሚባል የጋራ ገበያ አለ። ሁለቱ ሕዝቦች የሰላም ኮሚቴ አቋቁመው የከፈቱት ነው። እናንተ ባቲን ታውቃላችሁ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመልና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ዋጋ ሲከራከሩ ታያቸዋላችሁ። አሚየትም እንዲሁ ነው። ከሰሜን ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ጨርቅ፣ ጨው ይመጣል፤ ከደቡብ ሌላው። መንገዱ ወደ ጁባ ወገን ሲዘጋ የአብዬ ሰው የሚበላው ከዚህ ገበያ ነው። የወሎ ልጆች ይህን ለመረዳት ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። ገበያው ከተዘጋ ሳምንት ሳይቆይ ተኩስ እንደሚሰማ ያውቁ ነበር። እኔም በመጀመሪያ የማየው የጸጥታ ምልክት የሽንኩርት ዋጋ ነበር፤ ድንገት ከናረ አንድ መንገድ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ይህን በሪፖርቴ ውስጥ ስጽፍ አንድ የውጭ አገር መኮንን ስቆብኛል። ቆይቶ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር።

ሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ሌላው ትልቁ ሥራ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሻይ ይመጣል። ወሬው ከአያት ይጀምራል። የፈረንጅ ባልደረቦቻችን ሰዓታቸውን ያያሉ፤ «ወደ ጉዳዩ እንግባ» ይላሉ። እኛ አባጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ ያየን ሰዎች ግን ጉዳዩ ያ እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ሞቶ ከሆነ ካሳው በከብት ይነገራል፤ ስንት፣ መቼ፣ በማን ዋስትና። ከእኛ ወታደሮች መሐል በልጅነታቸው ደሴ፣ ሐይቅ፣ ሐርቡ መድረሳ የቀሩ ነበሩ። የዐረብኛ ሰላምታቸው ብቻ የስንቱን ፊት ፈታ። ዲንካዎቹ ዘንድ ደግሞ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ አንገት ላይ ያለ ማተብ ይታያል። ሁለቱንም ይዘን ነው የሄድነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2005 የንጎክ ዲንካው ታላቅ አለቃ ኩኦል ዴንግ ኩኦል በተባበሩት መንግሥታት አጀብ እየተጓዙ ሳለ በሚሴሪያ ታጣቂ ተገደሉ። ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሮ ሞተ። አጀቡ መንገድ ላይ ቆሞ ለሰዓታት ድርድር ላይ ነበር። ሰላማዊ ሰው ላይ አደጋ ሲደቀን መተኮስ ተፈቅዷል፤ ደንቡ ላይ አለ። ግን መቼ? አንድ ደቂቃ ቀድሞ ከተኮስክ ጦርነት ትለኩሳለህ፤ አንድ ደቂቃ ከዘገየህ ሰው ይሞታል። ይህን የሚፈታ መመሪያ አላየሁም።

ሕዝቡ እኛን የሚያየው እንዴት ነበር? ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ ሲቆም የሰላማዊ ሰው ሆድ እንዴት እንደሚርድ፣ ከ2014 ወዲህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ዲሲፕሊኑ ጥብቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ1996 ያወጡት መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ግንኙነትን፣ በገንዘብም ሆነ በምግብ የሚደረግ ግንኙነትን ጨርሶ ይከለክላል። ይህን የጣሰ ወታደር ቢኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው አዛዡ ነው፤ ትክክልም ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ጤፍ ከአገር ቤት ይመጣል፤ ሲዘገይ ሩዝና ዱቄት ተቀላቅሎ «እንጀራ» ይባላል፤ እንበላዋለን። በረመዳን ጾመኛው ሙቀቱን ሸሽቶ የሌሊት ዘብ ይወስዳል። በጥምቀት ሙስሊሞቹ ጥበቃውን ይሸፍናሉ፤ በዒድ ክርስቲያኖቹ። ማንም አላዘዘም። ከ90 ቀን አገልግሎት በኋላ ሜዳልያ አለ፤ ሰልፉ ያምራል፤ ፎቶው እዚህ እናንተ ሳሎን ውስጥ ነው።

ማንም ጦር ትምህርት ቤት የማያስተምረውን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ። መርዶ።

የአንድ ወታደር አባት እዚህ ያርፋሉ። ቤተሰቡ ለልጁ አይደውልም፤ ለጓደኛው ወይም ለአዛዡ ነው። አጎትየው ስልኩ ላይ ናቸው። «ልጄ፣ አደራህን፣ አገሩ ሲገባ እኛ እንነግረዋለን» ይላሉ። በባህላችን ልክ ናቸው። ሰው በባዕድ አገር፣ ያለ ዘመድ፣ እንዴት ይረዳል? ግን ልጁ ክላሽ ይዞ ዘብ ላይ ነው። ደግሞ ዘመኑ የፌስቡክ ነው፤ ማታ አንድ የአክስቱ ልጅ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል፤ ልጁ ብቻውን፣ በጨለማ፣ ስልኩ ላይ ያየዋል።

በዚህ ነገር ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ የቤተሰብ አደራ አይበላም ይላሉ። እኔ የምለው ይነገረው ነው፤ ያውም ሳይውል ሳያድር። አነጋገሩን ግን ከአገር ቤት እንዋሳለን። መጀመሪያ ማታውኑ በሌላ ምክንያት ከዘብ ይወጣል፤ መሣሪያው ግምጃ ቤት ይገባል። ስልኩን አንድ ጓደኛው በሆነ ሰበብ ይዋሰዋል። ንጋት ላይ የአገሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። ክርስቲያን ከሆነ ዳዊት የሚደግም፣ ሙስሊም ከሆነ ቁርአን የሚቀራ ወታደር ይቀመጣል። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ ይናገራል፤ አዛዡ አይደለም። አዛዥ መርዶ ከተናገረ ትእዛዝ ይመስላል። ድንኳን ይለቀቃል፤ ቡና ይፈላል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ገንዘብ ይዋጣል። ወደ አገር መሄድ የሚችለው በረራ ካለና መንገዱ ካልተዘጋ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይቻልም። እዚያው ሐዘኑን ተቀምጦ፣ በአራተኛው ቀን ተነስቶ ቅኝት የወጣ ልጅ አውቃለሁ። ይውጣ ወይስ ይቅር ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ራሱ ለምኖኝ ነው።

እሺ፣ ጥያቄ።

አንድ ወጣት አሁን እዚያ ማን እንዳለ ጠይቋል። ሱዳን በ2013 የኢትዮጵያ ጦር እንዲወጣላት ጠየቀች፤ በ2014 የእኛ ጦር እያስረከበ መውጣት ጀመረ። አሁን ያለው ከተለያዩ አገሮች የተውጣጣ ጦር ነው። ርክክቡም በቆጠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ኮንቴነር። የአብዬ ባለቤትነት ግን እስካሁን አልተወሰነም።

እናቴ፣ የእርስዎን ጥያቄ ሰምቻለሁ። «ልጄ ልሂድ እያለ ነው፤ ልተወው?» ነው ያሉት። እሱን ለእርስዎና ለእሱ ልተወው። ከሄደ ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቅጽ ሲሞላ «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው ቦታ የእርስዎን ስልክ ብቻ እንዳይጽፍ ይንገሩት። የእድር ዳኛ ወይም ቤትዎን የሚያውቅ ጎረቤት ስልክ ይጨምር። ስልኩን የሚያነሳ፣ ሰው ይዞ የሚመጣ፣ ብቻዎን የማይተውዎት ሰው ይሁን። ስልክ ሲቀይርም ይታረም። ከብዙ ልጆች መዝገብ ላይ ያገኘሁት ቁጥር የማይሠራ ነበር።